ከማሽኑ በፊት ጠረጴዛው



ስለ ካልሲ ልናገር አሶሳ እሄዳለሁ ስል ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው፦ «በዚያ ሙቀት ካልሲ ማን ያደርጋል?» እውነታቸውን ነው፤ መጋቢት ላይ በእኩለ ቀን አሶሳ ገበያ ቆሞ «ካልሲ! ካልሲ!» የሚል ነጋዴ ጤንነቱ ሊያጠራጥር ይችላል። ግን እስቲ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ትምህርት ቤት በር ቁሙና ወደ ታች ተመልከቱ። ሸራ ጫማ በባዶ እግሩ ያጠለቀ ልጅ ተረከዙ ተልጦ የጫማውን ኋላ ረግጦ ሲሄድ ታያላችሁ። ጥበቃውን፣ ፖሊሱን፣ ቀኑን ሙሉ ቦት ጫማ አድርጎ ወርቅ የሚቆፍረውን፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ጭቃ ለጭቃ የሚመላለሰውን ጨምሩበት። እግር በሙቀት ያልበዋል፤ ላቡን የሚመጥለት ነገር ካላገኘ ይላጣል፣ ይሸታል፣ በጣቶቹ መሐል ይቆስላል። ሙቀት የሚጣላው ከናይለን ካልሲ ጋር ነው። ከጥጥ ጋር ጠብ የለውም።

የማወራላችሁ በእጅ ስለሚዘወር፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ስለሚታሰር ክብ የካልሲ ማሽን ነው። ላላያችሁት ልግለጸው። የአንድ ኪሎ የቲማቲም ድልህ ጣሳ የሚያህል የብረት ሲሊንደር አስቡ፤ የብዙዎቹ ስፋት 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዙሪያውን ቀጥ ያሉ ቦዮች ተቆፍረውበታል፤ በየቦዩ አንዳንድ መርፌ ቆሟል፤ እንደ ማሽኑ ዓይነት 54፣ 60፣ 72 ወይም 80 ይሆናሉ። የመርፌዋ ጫፍ መንጠቆ ነው። ከመንጠቆው ሥር የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽዬ ምላስ አለች። መዘውሩን ስታዞሩ መርፌዎቹ በየተራ ወደ ላይ ይነሣሉ፣ ተመልሰው ይወርዳሉ። መርፌዋ ስትነሣ የቆየው የክር ቀለበት ከምላሷ በታች ይንሸራተታል፤ ስትወርድ አዲሱን ክር በመንጠቆዋ ትይዛለች፤ ያኔ የቆየው ቀለበት ምላሷን ገፍቶ ይዘጋትና በላይዋ አልፎ ይወጣል። በቃ፣ አንድ ቀለበት ተሠራ። ባለ 72 መርፌ ማሽን ላይ የሲሊንደሩ አንድ ዙር ሲያልቅ ይህ ነገር 72 ጊዜ ተፈጽሟል ማለት ነው።

ይህችን ባለምላስ መርፌ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የፈለሰፋት ማቲው ታውንሴንድ የሚባል የእንግሊዟ ሌስተር ሰው ነው። ከእሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1589 እ.ኤ.አ.፣ ዊልያም ሊ የተባለ የኖቲንግሃምሻየር ሰው የመጀመሪያውን የካልሲ መሥሪያ ማሽን ሠርቶ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አሳይቷል። ንግሥቲቱ የእጅ ሠራተኞችን እንጀራ ይዘጋል ብላ ፈቃድ እንደነፈገችው ይነገራል። ሰውየው ማሽኑን ይዞ ፈረንሳይ ገባ፤ እዚያም ሳያልፍለት ሞተ። ስለ እንጀራ መዘጋት ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደስ የማይለውን ላስቀድም። ጣሊያን፣ ብሬሺያ ውስጥ ሎናቲ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ዓይነት አውቶማቲክ ማሽኖች አንድ ካልሲ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳሉ። ቻይና፣ ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው ዳታንግ ከዓለም ካልሲ ሢሶውን ያህል ታመርታለች ይባልላታል። በእጅ ማሽን የሠለጠነ ሰው ግን አንድ ጥንድ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከመርካቶ ተጭኖ የሚመጣውን ካልሲ በዋጋ እረታለሁ ብሎ ማሽን የሚገዛ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል። ሒሳቡ አይወጣም። እንደማይወጣ አውቀው «ሥልጠና ሰጥተናል» የሚሉ ሰዎችም አሉና ከእነሱ ራሳችሁን ጠብቁ።

እኛ የምንረታው ገበያው በማይሸጠው ካልሲ ነው። ገበያው ለአራት ዓመት ሕፃን በልኩ የሆነ የጥጥ ካልሲ ብዙ ጊዜ የለውም። አንዱ እግሩ ከሌላው ለሚሰፋ ሰውማ ከነጭራሹ የለውም። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በትንኝ የሚተላለፈው ሲሆን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ወረዳዎች በሽታው ከሚታወቅባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች ይቆጠራሉ። ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሕመም ነው። በአገር አቀፍ ቅኝት ላይ የተመሠረተ ግምት 1.5 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን ይህ ሕመም እንዳለባቸው ያሳያል። ጎረቤታችን ምዕራብ ወለጋ፣ ጉሊሶ ወረዳ ላይ መኖሩም በጥናት ታውቋል። ሕክምናው ውድ አይደለም፦ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በመድኃኒት ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካስፈለገ በፋሻ መጠቅለል፣ ከዚያ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ወላይታ ሶዶ ላይ ለእነዚህ ሕሙማን ጫማ በእግራቸው ልክ እየተለካ ይሰፋላቸው ነበር። ጫማ በልክ ከተሰፋ ካልሲ በልክ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሒሳቡም ቀላል ነው። በ72 መርፌ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር 3 ቀለበት እንዲወጣ አድርጋችሁ ከሠራችሁ የካልሲው ዙሪያ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለጤነኛ አዋቂ እግር ይበቃል። ክሩን ወፍራም፣ ቀለበቱን ላላ አድርጋችሁ በሳንቲ ሜትር 2 ካወረዳችሁት ዙሪያው 36 ይደርሳል። ተረከዝ ሳታወጡለት ቀጥ ያለ ቧንቧ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ደግሞ ያበጠ እግር ሳይጨነቅ ይገባበታል። ከዚያ በላይ ለሚሰፋ እግር ሌላ፣ ሰፋ ያለ ሲሊንደር ያስፈልጋል። እግርን አጥብቆ እብጠት የሚቀንስ ካልሲ ግን የእኛ ሥራ አይደለም፤ እሱ የሐኪም ትእዛዝ ነው። እኛ የምንሠራው ለስላሳ፣ የማያጣብቅ፣ ላስቲክ የሌለው፣ በየቀኑ የሚታጠብ የጥጥ ካልሲ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ማሽን ሲመጣ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዓመት በኋላ ማሽኑ መጋዘን ጥግ ላይ አቧራ ጠጥቶ ይገኛል። ሲጠየቅ «ተበላሸ» ይባላል። ቀርቦ ላየው ሰው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ደኅና ነው፤ ጠረጴዛው ነው የሚወዛወዘው፣ መርፌው ነው የዛገው፣ ክሩ ነው አፈር የበላው። የካልሲ ማሽን ለብቻው ግማሽ ዕቃ ነው። ሌላውን ግማሽ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፤ እሱም ክፍሉ ነው። ክፍሉን ሳታዘጋጁ ማሽን አትግዙ፤ በስጦታ ቢሰጣችሁም ሳጥኑን አትክፈቱ።

በዊልያም ሊ አገር፣ በኖቲንግሃም አካባቢ የነበሩ የድሮ ካልሲ ሠራተኞች ቤት አሠራር ለዚህ ምስክር ነው። ሰዎቹ የሚሠሩት በየቤታቸው ነበር። ከቤቶቹ አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመዋል፤ ራዲንግተን በምትባል መንደር ሙዚየም ሆነው የሚጎበኙ አሉ። ቤቱን ከውጭ ስታዩት ከሌላው የሚለየው መስኮቱ ነው፤ በግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ረጅም መስኮት አለው። በዚያ ዘመን መስታወት ውድ ነበር፤ ያም ሆኖ ለነዚያ የድሆች ቤቶች ረጅም መስኮት ተደረገላቸው። ቀጭን መርፌ በጭላንጭል ስለማይሠራ ነው። ሲመሽ ደግሞ ውኃ የሞላ ክብ ብርጭቆ በሻማ ፊት አስቀምጠው፣ ብርሃኑን ወደ መርፌዎቹ ሰብስበው ይሠሩ ነበር። ክፍላቸው በዓይናቸው ልክ የተሠራ ነበር።

እኛም በአሶሳ ልክ እንሥራ። አሶሳ ላይ ማንኛውም ክፍል ሲታሰብ መጀመሪያ መነሣት ያለበት ምስጥ ነው። ኩይሳውን በየሜዳው ታዩታላችሁ፤ ለእናንተ እኔ ምስጥ ላስተዋውቅ አልደፍርም። የማሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የካልሲ ማሽን ጠረጴዛ እግሩ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ እንኳ ከላይ ደኅና ይመስላል፤ መዘውሩን ስታዞሩ ግን ቀስ በቀስ መርገብገብ ይጀምራል። ጠረጴዛው ሲርገበገብ ክሩ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል፤ ቀለበት ያመልጣል። ሠራተኛዋ ማሽኑን ትወቅሳለች። ስለዚህ እግሩን ከቱቦላሬ አስበይዱት። የአሶሳ ብየዳ ቤቶች በርና መስኮት ሲሠሩ የሚተርፋቸው ቁርጥራጭ ይበቃል። እንጨት ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ አራቱንም እግሮች በጣሳ ውስጥ አቁማችሁ ጣሳው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት አድርጉ። ጠረጴዛው ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፤ ምስጥ የጭቃ መንገዱን ግድግዳ ላይ ሲሠራ እንድታዩት። በየሳምንቱ ባትሪ ይዛችሁ ከሥሩ ተመልከቱ።

የጠረጴዛው ፊት ወፍራም ሳንቃ ይሁን፤ ዋንዛ ከተገኘ እሰየው። ችፑድ እንዳትሞክሩት፤ ማሽኑን የሚያስረው ማጥበቂያ ብሎን ሲጫነው ይሰረጉዳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ውፍረቱ ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ማጥበቂያው በደንብ ይይዘዋል። የሳንቃው ጠርዝ ከእግሮቹ አንድ ስንዝር ወደ ፊት ይውጣ፤ ምክንያቱም የሚሠራው ካልሲ በሲሊንደሩ መሐል ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታቹም ክብደት ይንጠለጠልበታል። ክብደቱ ነው ቀለበቶቹን ከመርፌው ላይ ወደ ታች የሚስባቸው። ከሥር ማገር ካለ ክብደቱ ይጋጫል፤ ቀለበቶቹ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሁለት ዙር ሳትሄዱ መርፌዎቹ ላይ የክር ጎጆ ይሠራል።

አካባቢያችን የሽመል አገር ነው። ሁላችሁም «ለምን በሽመል አንሠራውም?» ልትሉ ነው። አጥርም፣ ቤትም፣ አልጋም ይሆናል፤ እንደ ደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ባዶ ስላልሆነ ብርቱ ነው። ለዚህ ጠረጴዛ ግን አይሆንም። ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ለቤት ጥሩ ነው፣ ለመዘውር ክፉ ነው። ይልቅ ሽመሉን በሌላ ቦታ ተጠቀሙበት። ክሩ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ፣ የመስኮቱን መጋረጃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካልሲው ታጥቦ የሚወጠርበትን ቅርጽ ሥሩበት። የተሰነጠቀ ሽመል ተጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ በእግር ቅርጽ ከተጎበጠ ካልሲው እላዩ ላይ ደርቆ ልኩን ይይዛል። ገበያ ላይ እንዲህ ተወጥሮ የደረቀ ካልሲና ተጨብጦ የደረቀ ካልሲ አንድ ዋጋ አያወጡም።

ስለ ከፍታው፦ ተቀምጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ መዘውሩ ላይኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ትከሻችሁ መነሣት የለበትም። ትከሻዋ ከተነሣ ሠራተኛዋ እስከ ምሳ ሰዓት አትደርስም፤ ጀርባዋ ይቆርጣታል። መደበኛ የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ለብዙ ሰው ይስማማል፤ አጭር ለሆነች ሴት ግን ጠረጴዛውን ከመቁረጥ በርጩማውን ከፍ ማድረግና ከእግሯ ሥር መርገጫ ሳንቃ ማድረግ ይቀላል። በቀኝ በኩል ክርን የሚዞርበት ባዶ ቦታ ይኑር። ብዙ ማሽኖች ያሉት ማኅበር ማሽኖቹን አጠጋግቶ ሲደረድር የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው፤ የአንዷ ክርን የሌላዋን ክር ይመታል።

ብርሃን። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ቤቱ እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ ነው። የእኛ ማሽን ግን አንድ ዋትም አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ለማሽኑ ብዬ ስለ መብራት አላወራም፤ ለዓይን ብዬ ነው። የቀን ብርሃን በግራ ትከሻ በኩል ይምጣ፤ ማሽኑን መስኮት ፊት ለፊት አድርጋችሁ ዓይናችሁን በጸሐይ አታስመቱ። ከሲሊንደሩ ሥር ነጭ ወረቀት ብታነጥፉ ቀለበት ያመለጠው መርፌ ወዲያው ይለያል፤ ነጭ ክር ሲሆን ወረቀቱን በጥቁር ጨርቅ ለውጡት። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለ ኮርኒስ ከሆነ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ መሥራት አይቻልም። ያን ጊዜ ሥራው ከማለዳ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራው፣ የካልሲውን ጣት መዝጋቱና ማጠቡ፣ በማንጎ ጥላ ሥር ይሠራ። ማሽኑን ራሱን ግን ወደ ጥላው ይዛችሁ እንዳትወጡ። አንዲት ቅጠል፣ አንዲት ጉንዳን መርፌዎቹ መሐል ከገባች ግማሽ ቀን ታባክናለች።

ወለሉ አፈር ከሆነ ችግር አለ። ሲሚንቶ ለማስለሰን አቅም ካልፈቀደ በእበት የተለቀለቀ ወለል አቧራውን ይይዛል፤ እናቶቻችን ያውቁበታል። መጥረግ ከሥራ በፊት ሳይሆን ከሥራ በኋላ፣ ማሽኑ በጨርቅ ከተሸፈነ ወዲያ ነው። በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ዝገት ነው ጠላታችን። የአሶሳ ዝናብ ስድስት ወር ያህል ስለሚቆይ መርፌ በአንድ ሳምንት ሊዝግ ይችላል። ምሽት ላይ በስፌት መኪና ዘይት የራሰ ጨርቅ በመርፌዎቹ ላይ አንዴ ማሳለፍ፣ ጠዋት በቁራጭ ጨርቅ ማድረቅና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች በአሮጌ ክር መሥራት ያስፈልጋል፤ የዘይቱ እድፍ በአሮጌው ክር ይወጣል። ሌላ ዘይት፣ ለምሳሌ የምግብ ዘይት፣ እንዳትሞክሩ፤ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፣ የመርፌዋ ምላስ አልከፈት ትላለች።

ክሩ ጋ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ካልሲ የሚበላሸው እዚህ ነው። ክሩ ከኮን ተነሥቶ፣ ከማሽኑ በላይ በቆመው ዘንግ ቀዳዳ አልፎ፣ ወደ መርፌዎቹ ይወርዳል። ኮኑ በቀጥታ ከዘንጉ ሥር፣ ከጠረጴዛው በታች ወይም ከኋላ ይቁም፤ ክሩ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይውጣ። በጎን ከተጎተተ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ይያዛል፤ ካልሲው በአንድ በኩል ጠባብ ሆኖ ይወጣል። ኮኑ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ አፈር ብቻ ሳይሆን ዶሮና ሕፃንም አለ።

ጥጥ ደግሞ ጠባይ አለው። ሱፍ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ጥጥ አይለጠጥም፣ ይበጠሳል። መፍትሔው ክሩን ሰም ማስነካት ነው። እኛ የማር አገር ስለሆንን የንብ ሰም ነው ቶሎ የሚታሰበን፤ እሱ ግን ያጣብቃል። ተራ የሱቅ ሻማ ይሻላል። ቁራጭ ሻማ ክሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በክር አስራችሁ ብታንጠለጥሉት ክሩ እያሻሸው ያልፋል። የእናቶቻችንን የእጅ ፈትል በማሽኑ መሥራት የሚመኙ አሉ፤ ምኞቱ ደስ ይላል። ፈትል ግን አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ ሌላ ቦታ ይወፍራል። ለሽመና ውበት የሆነው ነገር እዚህ መርፌ ይሰብራል። ፈትሉን ለጋቢ ተዉት፤ ለካልሲው የፋብሪካ ክር ግዙ። ተረከዙና ጣቱ ላይ ቀጭን የናይለን ክር ደርባችሁ ብታስገቡ ካልሲው ረጅም ዕድሜ ያገኛል።

የመጀመሪያውን ካልሲ ከመሥራታችሁ በፊት የስንዝር ቧንቧ ሥሩ፤ አጥባችሁ አድርቁት፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትለኩት። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳያጥቡ የለካ ሰው ካልሲው ለገዢው ጠብቦ ይመለስበታል። የለካችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ክሩ፣ የቀለበቱ ማጥበቂያ ቁጥር፣ ዙሪያው፣ የዙሩ ብዛት። ደብተሩ ከጠረጴዛው ጋር በክር ይታሰር። ተበድሮ የሚሄድ ደብተር አይመለስም።

ተረከዙን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ልሞክር። ግማሾቹ መርፌዎች ሥራ ያቆማሉ፤ ወደ ላይ ይነሣሉ። የቀሩት ግማሾች ላይ መዘውሩን ወደ ፊት ወደ ኋላ ታመላልሱታላችሁ፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ዳር ያለችውን አንዲት መርፌ በጣታችሁ ታነሣላችሁ። ጥቂት መርፌ ብቻ ሲቀር ደግሞ አንድ በአንድ መልሳችሁ ታወርዷቸዋላችሁ። ጨርቁ ኪስ ይሠራል፤ ያ ኪስ ተረከዝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክብደቱ ከተረከዙ ሥር እየተነሣ መሰቀል አለበት። አዲስ ሠልጣኝ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። እውነቴን ነው፣ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ጣቱ በማሽኑ ላይ አይዘጋም፤ ካልሲው ይወጣና በእጅ መርፌ ይሰፋል። ስፌቱ ሲዳሰስ እንዳይታወቅ የሚያደርግ ዘዴ አለ፤ በእንግሊዞች ዘንድ የሎርድ ኪችነር ስም ተሰጥቶታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በምሽግ ውስጥ በረጠበ እግር ሲታመሙ፣ ቀይ መስቀል በነዚህ ማሽኖች ካልሲ ያሠራ ነበርና ሎርዱ ራሱ ዘዴውን አመጣው ይባላል። እውነት መሆኑን እኔ እጠራጠራለሁ፤ ጄኔራል የካልሲ ጣት ሲሰፋ አልታይ ይለኛል። ሰውየው ግን ለእናንተ ባዕድ አይደለም፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ላይ የድርቡሽን ጦር የመታው፣ ከኩርሙክ ማዶ ያለውን አገር የገዛው ያው ኪችነር ነው።

ስለ መለዋወጫ አጭር ነገር። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የነቀምት መንገድ ሲዘጋ ገበያው ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ለ72 መርፌ ማሽን ቢያንስ ግማሹን ያህል ትርፍ መርፌ ሳይኖራችሁ ሥራ አትጀምሩ። ማሽኑን ስትገዙ መርፌውን የሚሸጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የማይመልስላችሁ ነጋዴ ማሽኑንም አይሽጥላችሁ። ካቻቢቴ፣ ቀጭን ፒንሳ፣ ያመለጠ ቀለበት ማንሻ የኪሮሽ መርፌ ከጠረጴዛው አይጥፉ።

አሁን ወዳልኳችሁ እንጀራ ልመለስ። በ1811 እ.ኤ.አ. ኖቲንግሃም አካባቢ የካልሲ ሠራተኞች ሌሊት እየተነሡ ማሽን በመዶሻ ሰባበሩ። ማሽን ስለጠሉ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ግን ለዘመናት ሲሠሩበት የኖሩት ዓይነት ማሽን ነበር። ካንገበገባቸው ነገር አንዱ ኪራይ ነው። ሠራተኛው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መስኮቱ ብርሃን ይሠራል፤ ማሽኑ ግን የነጋዴው ነው፤ ሥራ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ የማሽን ኪራይ ይቆረጥበታል። በማኅበር የምትደራጁ ሁሉ ይህን ከመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። ማሽኑ የማን ነው? አባል ሲወጣ ምን ይሆናል? ሥራ በሌለበት ወር ማን ይከፍላል?

ሁለተኛው ታሪክ ከአሜሪካ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ቡፋሎ ከተማ የነበረው ኦቶ ኒተር የሚባል ኩባንያ በመጽሔት ማስታወቂያ እያወጣ ለቤት እመቤቶች የካልሲ ማሽን ይሸጥ ነበር። ቃሉ ያማልላል፦ ማሽኑን ግዙ፣ በቤታችሁ ሥሩ፣ ካልሲውን መልሰን እንገዛችኋለን። የሚገዛው ግን ልኩንና ጥራቱን ያሟላውን ነው፤ ለብቻዋ፣ ያለ አስተማሪ፣ በመመሪያ ወረቀት ብቻ የምትሠራ ሴት ደግሞ ያን ጥራት ማሟላት ከባድ ነው። ዛሬ የዚያን ዘመን ማሽን የሚሰበስቡ ሰዎች ከነሳጥኑና ከነመመሪያው፣ ብዙም ያልተሠራበት እያገኙ ይገዛሉ። ኩባንያው የሸጠው ማሽን ነበር፤ ካልሲውማ ሰበቡ ነው። ዛሬ በባምባሲም በኡራም የስደተኞች መጠለያ የሚሠራ ድርጅት «ካልሲ እንገዛችኋለን» ቢላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ሽጡለትም። ግን ያን አንድ ገዥ ተማምናችሁ ብድር እንዳትወስዱ። ድርጅት በጀቱ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ብድሩ ግን አይሄድም።

ነገ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ሜትር ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ፣ ለእግር ሕክምና የሚመጡት ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸው፣ የእግራቸው ወርድና ርዝመት ስንት እንደሆነ ለኩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ለኩ። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የትኛው ሲሊንደር፣ ስንት መርፌ እንደሚያስፈልጋችሁ ራሱ ይነግራችኋል። እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛው ይበየዳል።

እዚህ ያመጣሁት ማሽን ከአዳራሹ በስተግራ፣ ቱቦላሬ እግር ያለው ጠረጴዛ ላይ ታስሯል። ሻይ እስኪቀርብ በየተራ መጥታችሁ ሞክሩት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ተረከዝ ላይ ካልደረሳችሁ በቀር መዘውሩን ወደ ኋላ እንዳታዞሩት። ከጀርባችሁ የተሰለፈው ሰው ቀለበቶቹን ሁሉ እንደገና ሲለቅም ያመሻል።